የአስካለ መንገድ

ሰኞ
ቡፌው በበሩ አላልፍ ብሎ መስታወቱን አወለቅንለት። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ በጋሪ ወሰዱት፤ መርቄ ሰጠኋቸው። ባለቤቴ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በዕቃ የታጨቀው ሳሎናችን ያስፈራኛል። ሶፋውንም ወደ ጥግ ገፋሁት። ዕድሜዬን የጋዜጣ ገጽ ሳቀናብር ኖሬ ባዶ ቦታ እወዳለሁ። ቤቱ ተነፈሰ።

ማክሰኞ
አስካለ ወደቀች። ጠዋት ከመኝታ ቤት ወጥታ እጇን ወደ ቡፌው ዘረጋች፤ ቡፌው የለም። ግንባሯ አብጧል። «ምን አደረግህብኝ?» አለች፤ አልጮኸችም። ለካ የቡፌውን ጠርዝ ይዛ፣ የሶፋውን መደገፊያ ዳብሳ ነበር ወጥ ቤት የምትደርሰው። እኔ እንቅፋት ያልኩት መንገዷ ነበር።

ረቡዕ
ልጃችን ሕይወት ከቡራዩ ደወለች። «አባዬ፣ አንተ ብቻህን አትችልም። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ።» አስካለ ሰምታለች። ምሳ አልበላችም። «እዚህ ሰበታ ቢያንስ ቤቴን አውቀዋለሁ» አለች። ቀጥላ፣ «አውቀው ነበር።»

ሐሙስ
ቡፌውን መልሱልኝ ልል ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄድኩ። «አካም ጅርቱ» ተባብለን ተቀመጥን። ባለቤታቸው ሳህንና ብርጭቆ ደርድረውበታል፤ አናቱን ዳንቴል አልብሰውታል። «ከእኔና ከቡፌው ምረጪ ብትባል እኔ ሜዳ ነው የማድረው» ብለው ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። የሰጡትን መልሱ ማለት ከአፌ አልወጣም። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።
ለአስካለ ነገርኳት። «እንኳን አልጠየቅህ፤ ታሳፍረን ነበር። ይልቅ ነገ እኔ ልንገርህ፣ አንተ ዕቃውን አስቀምጥ።»

ዓርብ
ቀኑን ሙሉ እሷ አዘዘች፣ እኔ ገፋሁ። በርጩማዎቹ ወጡ፤ የመስታወት ጠረጴዛውም። የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ወጥ ቤት በተርታ ቆሙ። ሶፋውና የምግብ ጠረጴዛው ጥጉ ላይ ናቸው፤ ሌላ ምንም የለም። እሷ እየተመላለሰች እየዳበሰች ሁለቱን ወንበሮች ይበልጥ አስጠጋ አለችኝ። «አያምርም» አልኳት። «እኔ አላየውም፤ አንተ ቻለው» አለች። በዚህ ሳምንት የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ቅዳሜ
ሕይወት ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። «ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እኮ» አለች። አስካለ ድምጿን ሰምታ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሕይወት ልትደግፋት ብድግ ስትል ክንዷን ያዝኩ። የአስካለ እጅ ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ፤ ወጥ ቤት ገባች፤ የውሃው ድምፅ ተሰማ። ሕይወት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።
ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ወደ ቡራዩ ተመለሰች። ስትወጣ «ክረምቱን ግን እኔ ጋ…» ብላ አልጨረሰችውም። አስካለ የመስኮቱ ብርሃን ከትናንት ዛሬ ደብዝዞብኛል ትላለች።
ወንበሮቹን ማንም እንዳያንቀሳቅስ ተናግሬአለሁ። ለነገሩ በዚህ ቤት ዕቃ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቢኖር እኔው ነኝ።