የመመረቂያ ጽሑፍህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ

ምሁሩ፣

ውሃ እስከ ነገ ስለማይመጣ ባልዲዎቹን ሞልቻለሁ። የእኔን ቁልፍ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትቻለሁ።

አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ጽሑፍህን አሳትሜ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ እንዳስገባልህ ፍላሹን ሰጥተኸኝ እናትህን ልትጠይቅ የሄድክ ዕለት፣ ማተሚያ ቤቱ ወረፋ ነበረው። እጄን በላኝ። የአምባሳደር እንግሊዝኛ አርሜ ሰውየውን በደስታ አስለቅሻለሁ ስልህ ስቀህብኝ የለ? ችሎታዬን ላሳይህ ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። በእንግሊዝኛው ጽሑፍህ ውስጥ «ዘ» የሌለው ስም ሁሉ ራቁቱን የቆመ መሰለኝና አለበስኩት። አንድ ጥናት ብቻ አይቶ ነው እንዳይሉህ «ሪሰርች» በሚለው ሁሉ ጫፍ ላይ «ኤስ» ጨመርኩ። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችህ የድሃ ጎጆ መሰሉኝ፤ በኮማ እየቀጠልኩ ፎቅ ሠራሁልህ።

ዛሬ አማካሪህ አንተን በስልክ ቢያጣህ እኔ ጋ ደወለ። «በቀይ ያወጣሁለትን ስህተት ሁሉ መልሶ ከተተው! እያሾፈብኝ ነው?» አለ።

እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ማልኩለት።

«ለጓደኛህ ብለህ አትዋሽ» ብሎ ዘጋብኝ።

በሕይወቴ አንዲት እውነት ብናገር እሷንም የሚገዛኝ ጠፋ። ቢሮ ሮጥኩ። ጸሐፊዋ «የመጨረሻ ዕድሉ ነበር፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ቀሪው ቅጂ ትራስህ ላይ ነው። የምስጋናውን ገጽ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ስሜን ጽፈህ «ያለ እሱ እዚህ አልደርስም ነበር» ብለሃል።

ስሜን ሰርዤዋለሁ። ከጽሑፍህ ሁሉ መታረም የነበረበት እሱ ብቻ ነበር።