አያ በላይ ያጠበቁት ፍሬን

ሰቆጣ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ትናንት የሞተር ብስክሌቴን የፊት ጎማ ስቀይር ያገዙኝ ዘበኛችን፣ የጥንቱ በቅሎ ጫኝ አያ በላይ፣ እኔ ሳላይ የፍሬኑን ገመድ አጥብቀውታል። ዛሬ ጠዋት ጎማውን በእጄ አሽከርክሬ ሳልሞክረው ወጣሁ። የደሃና መንገድ ላይ ፍሬኑ ጎማውን ይዞ አልለቅ አለ። ወርጄ ብነካው ብረቱ ጣቴን ለበለበኝ። እስኪበርድ ጠብቄ፣ ገመዱን አላልቼ መንደሩ ስደርስ፣ እኔ ለምሰጠው የፈንጣጣ ክትባት ልጆቻቸውን አዝለው የመጡት እናቶች ተበትነዋል። ዳግመኛ ማን ይሰበስብልኛል?

ተመልሼ ሽምግልናቸውን ረስቼ ጮኽሁባቸው።

"እርስዎን ማን ንኩ አለዎት?"

"ቁልቁለት ሊወርድ ጭነቱን የማያጠብቅ ማን አለ?" አሉ፣ በኔ ተገርመው። "ደግሞስ፣ ወደቅህ?"

አልወደቅሁም። ያንገበገበኝም እሱ ነው።