ስለ ብጉር መብራቱና ስለ ልጄ ጨዋነት

ለክቡር ባላምባራስ ገረሱ
የጤና ጣቢያችን የበላይ ሹም
የካ

ክቡር ሆይ፤

እጅ ነሥቼ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አማትዎ ወይዘሮ አገርነሽ ከነጉልበታቸው፣ እንዲሁም በኮተቤ መንገድ ከሩቅ በአቧራዋ የምናውቃት መኪናዎ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ከአንዲት ልጃችን ፊት በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ለዚህም አስቀድሞ ፈጣሪ ይመስገን፤ ቀጥሎ እርስዎ ይመስገኑ።

ያስታውሱኝ እንደ ሆነ፣ ከእንጦጦ ግርጌ አጠና የምሸጠው ፉፋ በዳዳ ነኝ። የጤና ጣቢያው አጥር የቆመበትን ባሕር ዛፍ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ደጅዎን በጠናሁባቸው ቀኖች ሁሉ ተደግፌ የቆምሁትም ያንኑ አጥር ስለ ነበረ፣ እንጨቱ ጠንካራ መሆኑን በገዛ ጀርባዬ አረጋግጫለሁ። ይህን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ ግልጽ አድርጌ መጻፌ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። በእጅዎ ልሰጥዎ ብመጣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ስላለኝ፣ ስብሰባውም እስከ ዛሬ ስላላለቀ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ልጄ ጂቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ምኞቷ መምህርት መሆን ነበር። ያደገችው የጎረቤት ሕፃናትን በግቢያችን ጉቶ ላይ አስቀምጣ ፊደል እያስቆጠረች ነው። ጉርምስና ሲመጣ ግን ፊቷን ብጉር ወረሰው። እንደ ሌላው ልጅ ብጉር ቢሆን ዕድሜ ይወስደዋል ብለን በተውነው ነበር፤ የእሷ ግን እያበጠና እየመገለ ግንባሯንና ጉንጯን ሸፈነው፤ ክፍል ውስጥ ቁሚና አንብቢ ስትባል መጽሐፉን እስከ ዐይኗ ከፍ አድርጋ የምታነብ ሆነች። እናቷ ሎሚ የምታውቀውን ቅጠል ሁሉ ቀባቻት፤ ጠበልም አስጠመቅናት። ክቡርነትዎ በእድራችን ስብሰባ ላይ ቆመው፣ ብጉርን በብርሃን የሚያደርቅ መብራት ከባሕር ማዶ በስጦታ መጣልን ብለው ያበሠሩን በዚያው ሰሞን ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በነፃ ለሚወርድባት ለየካ ሌላ ፀሐይ በሣጥን መምጣቱ ብዙ ሰው አስቋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከመብራቱ ጋር የመጣው ፈረንጅ ሐኪም ልጄን እያስቀመጠ ለጥቂት ጊዜ ሲያበራባት ብጉሩ መድረቅ ጀመረ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ መንገዱን ሁሉ ስታወራ መጣች። እርስዎም አባት ነዎትና ያን ቀን ምን ያህል ደስ እንዳለኝ መናገር አያስፈልገኝም። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ አሠራሩን ቁስል ለሚያጥበው ድሬሰር ለአቶ ዘነበ አሳይቶ፣ መብራቱን ለእርስዎ አስረክቦ ሄደ። አቤቱታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ስለ ሆነ በቁጥር ለይቼ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አግዳሚው ወንበር። የብጉሩ መብራት ሙቀት እንዳለው የታወቀው ክረምት ሲገባ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን የጠዋት ብርድ ያውቁታል። በመጀመሪያ አማትዎ ወይዘሮ አገርነሽ ለጉልበታቸው ቁርጥማት መጡ፤ ቀጥለው እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ለወገባቸው መጡ፤ ከዚያማ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ጋቢውን እየተከናነበ ወንበሩን ሞላው። ከመካከላቸው ብጉር ያለበት አንድም ሰው አልነበረም። ክቡርነትዎም ለአረጋውያን ቅድሚያ ይሰጥ ብለው ማዘዝዎን ሰምተን ርኅራኄዎን አደነቅን። ጂቱ ታላቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብላ የምታይ ልጅ አይደለችም። ኖር ብላ ትነሣለች፣ የገባው ሰው በእግዜር ብሎ በቦታዋ ይቀመጣል፣ ተራዋም ከመቀመጫዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሎሚ አንድ ቀን ደፍራ ልጄ እኮ ለሕክምና ነው የመጣችው ብትል፣ ወይዘሮ አገርነሽ በብጉር የሞተ ሰው አላየንም፣ ቁርጥማት ግን ይገድላል ብለው መለሱላት። እውነት ስለ ሆነ እጅ ነሥተን ወጣን። በዚህ አጋጣሚ ስለ ሽማግሌዎቻችን ጉልበት ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ያለ ምርኩዝ ዳገቱን ወጥተው ልጄን ሊጠይቁ ይመጣሉ።

ሁለተኛ፤ ስለ መነጽሩ። ሐኪሙ በዚያ ብርሃን ፊት ዐይንን ገልጦ መቀመጥ ያሳውራል ብሎ፣ ከመብራቱ ጋር ጥቁር መነጽር ትቶ ነበር። መነጽሩ አንድ ብቻ ነው። ከኮተቤ እስከ ካራ ያለው አቧራ ደግሞ ብዙ ነው። የእርስዎ ዐይን ለሕዝብ የሚያስፈልግ ዐይን ስለ ሆነ፣ መኪና ሲነዱ መነጽሩን ማድረግ ጀመሩ። በጣም ያምርብዎታል። ሽማግሌዎቹ የሚያሞቁት ጉልበታቸውንና ወገባቸውን ስለ ነበረ ጀርባቸውን አዙረው ይቀመጣሉ እንጂ መነጽር አልጠየቁም። ጂቱ ተራ ያገኘች ዕለት ግን አቶ ዘነበ ነጠላዋን አጣጥፎ ዐይኗን ያስርላታል። አንባቢ ይህችን ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ልጄ በመብራቱ ፊት ስትቀመጥ፣ አጠገቧ ሰው ይኑር አይኑር የምታይበት መንገድ አልነበራትም።

ሦስተኛ፤ ስለ እንግዶቹ ቀን። ባለፈው ታኅሣሥ ታላላቅ እንግዶች ጤና ጣቢያውን ሊጎበኙ የመጡ ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ለአቀባበል ወደ በሩ ተጠርተው ወጡና ወንበሩ ባዶ ሆነ። ጂቱ ከስንት ሳምንት በኋላ ተራ አገኘች። አቶ ዘነበ ዐይኗን አሰረላት፣ መብራቱን አበራ፣ እኔ ተነሺ እስክልሽ ድረስ ንቅንቅ እንዳትዪ አላት። እሷም እሺ አለች። ወዲያው የመኪናዎ ጡሩምባ ተነፋ፤ ሠራተኛ ሁሉ እንዲሰለፍ ታዘዘ፤ አቶ ዘነበም አሁን እመለሳለሁ ብሎ በልቡ፣ ለእሷ ሳይነግራት፣ ሮጦ ከሰልፉ ገባ።

ያደረጉትን ንግግር እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚያው መብራት ነበር። ብርሃን ለወጣቱ ትውልድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሰፊው አስረዱን፤ ስለ ድካምዎም አስረዱን፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ብርሃኑ ተመለሱ። አቶ ዘነበ ከሰልፉ ውስጥ እግሩን ሲያፈራርቅና ወደ ኋላው ሲገላመጥ አይቼው ሽንቱ የያዘው መስሎኝ ነበር። ሹም እየተናገረ ከሰልፍ መውጣት አይቻልም፤ እሱም አልወጣም። እኔም ንግግሩ ደስ ብሎኝ አጨበጨብሁ። ልጄ ከዚያ ግድግዳ ወዲያ እየተቃጠለች አጨበጨብሁ።

ጂቱ መጀመሪያ ፊቷን ለበለባት፣ ቀጥሎ አቃጠላት። አቶ ዘነበ አጠገቧ የቆመ መስሏት፣ ታላቅ ሰው የሚሠራውን ያውቃል፣ በቃኝ ማለት ነውር ነው ብላ ዝም አለች። ንግግሩና ጭብጨባው አልቆ እንግዶቹ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ፣ እንደ ተቀመጠች አገኟት። ከእንግዶቹ አንዱ እንዴት ያለች ትዕግሥተኛ ልጅ ናት ብለው አመሰገኗት አሉ። እሷም የታላቅ ሰው ድምፅ በሰማች ጊዜ፣ ዐይኗ እንደ ታሰረ፣ ኖር ብላ ተነሣች።

አምስተኛ፤ ስለ ጥያቄዎ። በማግሥቱ ፊቷ አበጠ፤ ከዚያ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ ተላጠ። ጎረቤት ምች መትቷት ነው ብሎ ዳማከሴ ይዞ መጣ። ሎሚ ምች የሚመታው በፀሐይ ነው፣ በመንግሥት መብራት ምች ሲመታ ሰምቼ አላውቅም ብላ በኦሮምኛ እያነባች ቅጠሉን ተቀበለች። አሁን ቁስሉ ደርቋል፤ በቦታው ግን ጥቁር ጠባሳ ተጋድሟል፤ ብጉሩም ከጠባሳው መካከል ቤቱን አልረሳም፣ ተመልሶ ወጥቷል። አቶ ዘነበ ወደ ሩቅ አውራጃ ተዛውሮ ሊሄድ ሲል ቤታችን መጥቶ ጉልበቴን ስሞ አለቀሰ። ጥፋተኛው በመገኘቱና በመራቁ ጉዳዩ ተዘጋ መባሉን ሰምቻለሁ።

እኔ ከአጥሩ ጋር ስንት ጊዜ ከቆምሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ከመኪናዎ ሳይወርዱ በመስኮት አነጋገሩኝ። ልጄን ወደ ከተማው ትልቅ ሆስፒታል የሚያስገባት የእርስዎ ፊርማ ያለበት ወረቀት እንዲሰጠኝ ለመንሁ። እርስዎ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ታዲያ ሲያቃጥላት ለምን አልተነሣችም? አሉኝ። መነጽሩን አድርገው ስለ ነበረ ዐይንዎን አላየሁትም። ባርኔጣዬን እንደ ያዝሁ ቆምሁ፤ መኪናዋም ሄደች። ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሱ ቀላል ነበር። እኔ ለምን ዝም ብዬ እንደ ቆምሁ ቢጠይቁኝ የምሰጠው መልስ ነው። ተነሺ ያላት ሰው የለም፤ እኔንም ተናገር ያለኝ የለም።

ወደ በላይ መሥሪያ ቤት አቤት ብዬ ነበር። ማመልከቻዬ የጤና ጣቢያው ሹም አስተያየት ይስጥበት ተብሎ ወደ እርስዎ ተመርቶ መጣ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ ለጤና ጣቢያ ሹምም እንደሚሠራ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ፊርማው ጥፋትን ማመን ይመስላል ብለው እንዳልፈረሙ ጸሐፊዎ በሹክሹክታ ነግሮኛል። እኔ ይመኑ አላልሁም። በወረቀቱ ላይ ፊቷ ከተፈጥሮዋ ነው ተብሎ ቢጻፍም ተቀብዬ ስሜው እሄዳለሁ።

የመምህራን ማሠልጠኛው ፈተና በሚመጣው ሰኔ ነው። ተፈታኝ በሰሌዳ ፊት ቆሞ ያስተምራል፣ ፈታኞቹ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያዩታል። ጂቱ አልሄድም ብላለች። ትምህርቷንም ካቆመች ቆይታለች። ጠዋት ጠዋት ከእንጨት ለቃሚ ሴቶች ጋር እንጦጦ ትወጣለች፤ ለምን እነሱን እንደ መረጠች ብጠይቃት፣ ሸክም ያለበት ሰው ጎንበስ ብሎ ስለሚሄድ የሰው ፊት አያይም አለችኝ። የግቢያችን ሕፃናት አሁንም እየመጡ ጉቶው ላይ ይቀመጣሉ። ጥቂት ጠብቀው ይሄዳሉ። እኔ ምን ላድርግ? ቅጠሉም ጠበሉም ደጅ ጥናቱም አልቆብኛል፤ የቀረኝ ይህ ደብዳቤ ነው፤ እሱም እንደማይጠቅመኝ እየጻፍሁት አውቃለሁ።

ስለዚህ የሹመት ዘመንዎ እንዲረዝም፣ መንገድዎ ከአቧራ እንዲጠራ፣ ንግግርዎም እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ ከአጥርዎ ሥር የማልጠፋው፣ በንግግርዎ ከሁሉ አስቀድሜ ያጨበጨብሁት፣ ታዛዥዎ

ፉፋ በዳዳ
የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ
ግንቦት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው የማንበቢያ ጊዜ ስለሚኖረው፤
ለጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር፣ ባዶ የሆነ ዕለት።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ከሦስተኛው ቀጥሎ አራተኛው አለመኖሩን አስተውለው፣ አጠና ሻጭ መቁጠር አይችልም ብለው እንዳይስቁብኝ። አራተኛው ተጽፎ ነበር። ደብዳቤውን ስጨርስ ፊደሌ እንዳያሳፍረኝ ጂቱ እንድታርመው ሰጠኋት። እንደ ተከናነበች አንብባ ግድፈቴን ሁሉ አረመችልኝ፤ አራተኛውን ግን ለታላቅ ሰው እንዲህ ተብሎ አይጻፍም፣ ነውር ነው ብላ ሰረዘችው። ብለምናትም እሺ አላለች። ምን ይል እንደ ነበር ማወቅ ከፈለጉ ቤታችን ሩቅ አይደለምና ጎራ ይበሉ። ሲገቡ ኖር ብላ ትነሣለች፤ በታላቅ ሰው ፊት ተሸፋፍኖ መቆም ነውር ስለ ሆነም ነጠላዋን ከፊቷ ታወርዳለች። ያን ጊዜ መነጽሩን ያውልቁና አራተኛውን ያንብቡት።