ከነባለቤታቸው

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን 1979
ዝናብ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ ዩኒፎርሜን እንኳ ሳልቀይር ቤተ መጻሕፍት። እዚህ ስደት ላይ ላቋቋምናት ቤተ ክርስቲያናችን አምስተኛ ዓመት በዓል፣ ወንጌል እንዴት አገራችን እንደገባ ጽፌ እንዳነብ ታዝዣለሁ። አስር ደቂቃ። አያቴን ፊደል ያስቆጠረቻትን ፈረንጇን ክላራን ሳላነሳ ግን አላልፍም... የካርድ መሳቢያው ውስጥ «ክላራ» እያልኩ ስፈልግ አርባ ደቂቃ። ሠራተኛዋ ሳቀች። «ላስት ኔሟስ?» ለካ እዚህ ሰው በራሱ ስም አይፈለግም! የአባቷን ስም ማን ነገረኝ?

ቅዳሜ፣ ጥር 16
አገኘኋት! የሚስዮኑ የድሮ ሪፖርት ውስጥ። ዲያቆናዊት ክላራ ሀርዊክ፣ ነርስ። የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ከዚያ ሚስተር ባርሎ የሚባለውን ሚስዮናዊ አገባች። ስሟ እዚያ ላይ አለቀ! ከሠርጉ በኋላ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ሚስተር ባርሎ ከነባለቤታቸው»። ትምህርት ቤቱም የባልየው ሆኖ ቁጭ። ደሜ ፈላ።

እሷ ግን የተማሪዎቿን ስም አንድ በአንድ ከነአባታቸው ጽፋለች። ሰባተኛዋ ወለተጊዮርጊስ ተክለ ጻድቅ። አያቴ... እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19
ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ጽሑፌን በቀይ አርመው መለሱልኝ።
«ከነባለቤታቸው ብትይ ምን ይጎድላል? ታይም የለንም እኮ።»
«ስም አላት፣ ጋሼ።»
«ሚስት ከባሏ አትለይም። ኦኬ? ያረምኩትን አንብቢ፤ አለዚያ ሳህሌ ያነበዋል።»
ዝም አልኩ። ለምን ዝም አልኩ? ሱዳንም የስደተኛ ፎርሙን የሞላው ሰውዬ በባሌ በጳውሎስ አባት ስም ሲጽፈኝ ዝም ብያለሁ። ይኸው አራት ዓመት ውባንቺ ገብረሕይወት። ገብረሕይወት መቼ ወለደኝ?

እሁድ፣ ጥር 24
የራሴን አነበብኩ! በቀይ የታረመውን ጽሑፍ ቤት ትቼው ሄድኩ። «ክላራ ሀርዊክ» ስል ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። ስደግም ተነሱ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ባለቤታቸው... አሁንስ እኔም ስማቸውን ዘለልኩ! እትዬ ሽቱ የጋሼን ኮት ይዘው ሳቡ።
«ቁጭ ይበሉ። ትጨርስ።»
ጉባኤው ሁሉ ሰማ። ጋሼ ተቀመጡ። የተማሪዎቹን ስም አንድ ሳላስቀር ጠራሁ። አስር ደቂቃው አለፈ... ይለፍ።
ስንወጣ እትዬ ሽቱ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ሽቱ ሥራዬ ነኝ፤ ሥራዬ አባቴ ናቸው። ጻፊው።»

ሐሙስ፣ ጥር 28
ከፍርድ ቤት የስም መለወጫ ፎርም አመጣሁ። ጳውሎስ ከፋው።
«ምን በደልኩሽ?»
«ምንም። አባትህ ላንተ ይሁኑ። እኔም አባት ነበረኝ።»
ፎርሙን አንስቶ አየው። በኋላ እስክሪብቶ ፈልጎ ሰጠኝ። እጄ ለምዶ «ገብረ» ብሎ ጀመረ... ሰረዝኩት።
ውባንቺ ዓለሙ።