ከናይሮቢ የመጣው ወለል

ሞያሌ፣ ቅዳሜ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ደህና ነው? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? የናይሮቢ ብርድ እንዳይጎዳው ደረቱን ሸፍኚለት። እኔም ልጆቼም ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ከልክ አልፏል፤ ከጎልቦ ሜዳ የሚመጡት ከብት ጠባቂዎች ሣሩ ጉልበት ደርሷል ይላሉ፣ ወተትም ረክሷል። ስለ እማዬ ዝቅ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤውን ለሾፌሩ ለሰሊም የሰጠሁት ሰኞ አውቶብሱን ይዞ ስለሚወርድና ሳይከፍት እጅሽ ላይ እንደሚያደርስልኝ ስለማምነው ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጅሽ ብቻ ጠይቄሽ ዘጋሁት።

እህቴ፣ ነገሩ የላክሽው ወለል ነው።

ጥር ላይ እማዬን በቪዲዮ ስታወሪያት የቤቷ ሊሾ መሰነጣጠቁን አይተሽ «ላሚኔት አዝዤልሻለሁ» ያልሻት ቀን፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ጉልበቷን እያሸሁላት ነበር። ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ሥዕሉን አሳየችኝ። ይህን የወለል ጣውላ፣ ላሚኔቱን፣ እንደምሸጥ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ሱቄ ሲገባ በስተቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው እሱ ነው። የእማዬን ቤት እኔ አለብሰዋለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። አንዴ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ አንዴ ጥሩ ጥሩው ዕቃ ይሸጥና ያልቃል፤ እንዲሁ ሳይሆን ቀረ። ያን ቀን ግን «ያምራል» ብቻ ብዬ ማሸቴን ቀጠልኩ።

ኦንላይን የሚሉትን ነገር ድሮም አልወደውም። መምህር ጄምስ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ሱቄ ይገባል፣ ጣውላውን ይዳብሳል፣ በጣቱ ያንኳኳል፣ ውሃ ይችላል ወይ እያለ ግማሽ ሰዓት ያቆመኛል፤ ከዚያ የዕቃውን ስም በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይወጣና ከኢንተርኔት ያዛል። ዕቃው ሲመጣ ቀለሙ ስልክ ላይ እንዳየው አልሆነም ብሎ የሚያማርረው ደግሞ ለእኔ ነው። የአንቺም እንደዚያው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ እላለሁ እንጂ ተመኘሁ ማለት ነበረብኝ።

አልሆነም። ካርቶኖቹ ከአውቶብስ ሲወርዱ ጥጉ የተጨፈለቀው አንዱ ብቻ ነበር። ከፍቼ አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእኔ ዕቃ ይበልጣል። ወፍራም ነው፣ አንዱ ከአንዱ ሲገጥም ክፍተት የለውም፣ መስመሩ የተላገ እንጨት ይመስላል። እማዬ በመዳፏ እየዳበሰች «ልጄ፣ ልጄ» ስትል፣ ካርቶኑን በባጃጅ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ያመጣሁት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ላቤን እጠርግ ነበር። ልጄ የምትለው አንቺን ነው። እሑድ ስትደውዪላት ያወራችሁት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ይተረካል። እኔ በየቀኑ ጠዋት ማታ ስገባ ግን «መጣሽ?» ብቻ ነው የምትለኝ።

ወለል ገጣሚውን ፉንዲ ሀላኬን የጠራሁት እኔ ነኝ። እዚህ ከተማ እንደ እሱ ወለል የሚገጥም የለም። ጣውላው የቤቱን አየር ይልመድ ብሎ ሁለት ቀን ካርቶኑን አሳረፈው። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሊሾውን በእጁ ነካና ወደ እኔ ዞረ። ይህ ቤት ዝናብ ሲመጣ ከሥር እርጥበት ያወጣል፣ መጀመሪያ ላስቲክ በላዩም ስፖንጅ ካልተነጠፈ ጣውላው ያብጣል፣ አብሮ መጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልመጣም ነበር። አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ስልክ ላይ የሚታየው የጣውላው ሥዕል እንጂ የእማዬ ሊሾ አይደለም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በጨርቅ የማደርቀው እኔ ነኝ። ላስቲኩም ስፖንጁም ሱቄ ውስጥ በጥቅል በጥቅል ቆሟል፤ መንገድ ተሻግሮ ማምጣት ብቻ ነበር።

«እህቴ የላከችው ይበቃል፤ እንዳለ ግጠመው» አልኩት።

ሻጯ እኔ ስለሆንኩ የማውቀው ነገር አለ ብሎ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ።

ይህ ነው አንደበቴ እምቢ ያለው። ረስቼ አልነበረም። ዕቃ ለመሸጥም አልነበረም። ወለሉ እንዲበላሽና እማዬ «ምነው ከልጄ ሱቅ በወሰድኩ» እንድትል ፈልጌ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ወር ተኩል ቤቱ አበራ። እማዬ የመጣውን ሰው ሁሉ በር ላይ ጫማ ታስወልቅ ጀመር። ቄሱን ሳይቀር። ካልቱማ፣ ያቺ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን፣ አንድ ቀን ሱቄ ገብታ በእኔው ላሚኔት መሃል ቆማ «እንደ እናትሽ ቤት ያለው የለሽም?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልነበረም። በሁለተኛው በበሩ አካባቢ ሁለት ጣውላዎች በመጋጠሚያቸው ቀና ቀና አሉ። አየኋቸው። እማዬም አየቻቸው፤ እንዳላይባት የበሩን ምንጣፍ ጎትታ ሸፈነችው። ለማን ብላ እንደሸፈነችው አስቢው፤ የአንቺን ስጦታ ከእኔ አፍ ልትሰውር ነው። እኔም እንዳላየ ሆኜ ወጣሁ። ያን ጊዜ እንኳ ብናገር ይበቃ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት በሩን ልትከፍት ስትሄድ እግሯ ባበጠው ጣውላ ተጠልፎ ወደቀች። ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰብሯል። አትደንግጪ፣ በጄሶ ታስሯል፣ ሐኪሙም በደንብ ይገጥማል ብሏል። ባለፈው እሑድ ስትደውዪ ቪዲዮውን ክፈቺ ስትዪያት ካሜራው ተበላሽቷል ያለችሽ ለዚህ ነው። ለሰው ሁሉ የምትለው «ቀሚሴ ጠልፎኝ ነው» ነው። ለሐኪሙም፣ ለካልቱማም፣ ለእኔም። ወለሉን አንድም ቀን አላነሳችውም።

ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ነበር። አላስችል ብሎኝ፣ ወለል ስትፈልጊ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም አልኳት። በዚያ ሕመም ላይ ሆና እንደ ሞኝ አየችኝ። «ከልጆችሽ አፍ ነጥቄ ልርገጠው?» አለችኝ። «የእህትሽ ደመወዝ ነው። የአንቺ ግን ከሱቅሽ ግድግዳ ላይ ሲነሳ ክፍተቱ ይታየኛል» አለች። ለዚህ ነው እንግዲህ ካንቺ የተቀበለችው። እኔ ግን አንቺን ከእኔ አስበልጣ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ ሀላኬን ጠርቼ ያበጠውን አስነሳሁት። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ እጇን ታቅፋ ተቀምጣ ታያለች። ሀላኬ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሥሩ የረጠበውን ሊሾ ሲያይ፣ ያኔ ላስቲኩን ብናነጥፍ ኖሮ እኮ ይህ አይመጣም ነበር፣ እኔ ጠይቄ ነበር አለና ወደ እኔ ቀና ብሎ መሃል ላይ አቆመው። እማዬ እሱን ነው የጠየቀችው፦ «ላስቲክ የምትለው እዚህ ሞያሌ ይገኛል?»

«በልጅዎ ሱቅ ሞልቷል እማማ» አላት።

እማዬ ሀላኬ ደክሞታል፣ ከካልቱማ ዘንድ ሻይ አምጪለት አለችኝ። ሄጄ አመጣሁ። ስመለስ ስለ ዝናቡ እያወሩ ነበር።

በማግስቱ ከሱቄ ላስቲኩንም፣ ስፖንጁንም፣ ከጣውላውም የተሻለውን መርጬ አመጣሁ። ያንቺ ደህናው እንዳለ ተመልሶ ተገጠመ፣ በበሩ በኩል የእኔ ገባ፤ ዙሪያውንም በግድግዳው ሥር አዲስ የጠርዝ እንጨት፣ ዞኮሎ፣ አስመታሁለት። ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ሲያልቅ እማዬ ከበሩ እስከ አልጋው በባዶ እግሯ ተራምዳበት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደከምሽ» አለችኝ። ለእንግዳ እንደምትለው አድርጋ ነው ያለችኝ።

እንግዲህ ሐሙስ ወደ አንቺ ትመጣለች። ይህ ወረቀት እንዲቀድማት የቸኮልኩት ለዚህ ነው። «እጄ እስኪድንና ዝናቡ እስኪያባራ ነው» ብላኛለች፤ እኔም ለጎረቤት እንደዚያ እላለሁ። ሻሿን በአንድ እጇ ማሰር አትችልም፣ አፍ አውጥታም እሰሪልኝ አትልሽም። ጠዋት ሰው ሳይገባ አንቺው እሰሪላት። ሥጋውንም በትንሽ በትንሹ ቁረጪላት። ፎቅ ስትወጡ ደግሞ በግራዋ በኩል ሁኚ፤ መደገፉን ግን ሌላ ሰው እያየ አትወድም።

ሻንጣዋን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሁለት ቀሚስና ጋቢ ይበቃል ብዬ ብጀምር፣ ይኼንንም ጨምሪ፣ ይኼንንም ጨምሪ እያለች ቁም ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ለአንድ ወር ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብላት ጫማዋንም አቀበለችኝ። ትናንት ከሱቅ ስገባ ደግሞ የአባታችንን ፎቶ በአንድ እጇ ከግድግዳው አውርዳ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ልብሶቹ መሃል አስገብታዋለች። ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው እሱን ስለሆነ፣ አንቺ ቤት ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሚስማር አስመቺለት።

አምላክ ቤትሽን በእሷ መግባት ይባርክልሽ። ልጅሽ አያቱን እስኪጠግብ ይያት፣ ስሟንም አፉን በፈታበት ይጥራ። ጉልበቷ ይጽና፣ እጇም ይጠገን። ለእኔ መልስ መጻፍ ከከበደሽ እሑድ እሑድ ስልኩን ለእሷ ስጪልኝ።

ታላቅ እህትሽ