በአማኑኤል ስም የማልሽው

ልጄ ሰርካለም፣ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፤ ሰላምታዬ ኩዌት ድረስ ይድረስሽ።

እኛ ቡታጅራ ደህና ነን። ከጎረቤታችን ከሃፊዛ ጋር እንሰቱን ፍቀን ጉድጓድ ከተናል፤ ዘንድሮ ቆጮ አይቸግረንም። አባትሽን ጉልበቱን ያመዋል። ሐኪም ቤት ሂድ ስንለው እሺ ይላል እንጂ አይሄድም። ይኼን አመል ከሱ ወርሰሻል።

እሑድ ስትደውዪ ሳሉ አላናግር እያለሽ «አማኑኤልን ደህና ነኝ» አልሽኝ። አጠገቤ የነበረችው ሃፊዛም ሳልሽን ሰማች። በሃያ ስምንት፣ በአማኑኤል ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። «ስሙ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። የተሰጠን በጭንቅ እንድንጠራው ነው» አሉኝ። ልጅ ሆነሽ ኩፍኝ የያዘሽ ጊዜ ዳዊት መድገም ስለማልችል ይኼንኑ ስም ስጠራ ነው የዋልኩት።

እኔን ለማረጋጋት ብለሽ በስሙ መማል ይቅርብሽ። አሠሪዎችሽ ጸሎት ባይወዱ እንኳ በልብሽ ጥሪው፤ ማንም አይሰማሽም። ሃፊዛም ዱዓ እያደረገችልሽ ነው።

አማኑኤል ካንቺ አይለይ። እባክሽ ሐኪም ይይሽና ደውዪልኝ። ያን ቀን ደህና ነኝ ካልሽኝ፣ ያለ መሐላ አምንሻለሁ።

እናትሽ አበባ