የኛን ሰፈር የዘለለ ሳህን

ሰኞ፣ ሐምሌ 4

በየማለዳው ሳህን ይዘው ምጽዋት የሚቀበሉን መነኮሳት ዛሬ በኛ ሰፈር አላለፉም። እንደ ሁልጊዜው ጎህ ሳይቀድ ሩዜን ቀቅዬ ደጅ ቆምኩ። ቆምኩ... ሩዙ በረደ። ምን ነካቸው? ዝናቡ ይሆን? ዝናብ ደግሞ መቼ አስቀርቷቸው ያውቃል?

ዱባዬን ጠብሼ ልሸጥ ወደብ ወረድኩ። ገበያው ደህና ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 5

ዛሬም የሉም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 6

ጎረቤቴ ላ ፒዩ ወሬውን አመጣችው። ባለወፍጮው ኡ ባ ቻይን ነው አሉ። የገዳሙ ኮሚቴ ሊቀመንበር አይደል? "የታችኛው ሰፈር ሰው ድሃ ነው፣ አናስቸግረው፤ መነኮሳቱን እኔ እመግባለሁ" ብሎ መንገዳቸውን አስቀየረ። አዛኝ ቅቤ አንጓች!

"ታዲያ ምን ከፋሽ? ሩዝሽን ራስሽ ብዪው" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ጎርፍ ሁለቴ ቤቴን ወስዶታል። ግን አንድም ቀን ሳልሰጥ በልቼ አላውቅም። መስጠት የሀብታም ብቻ ነው ያለው ማነው?

ዓርብ፣ ሐምሌ 8

ገዳም ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ሰገድኩና አፈነዳሁት።

"አባቴ፣ ምን አጥፍተን ነው ሳህኑን የደፋችሁብን? ሳህን ተደፍቶ ምጽዋትህን አንቀበልም የሚባለው እኮ ቡድሃን የሰደበ ሰው ነው!"

አበምኔቱ ደነገጡ። "ሰፈሩ ራሱ ቅሩልን ብሏል ተብዬ ነው እኮ።"

ኡ ባ ቻይን እዚያው ተቀምጧል። ሳል ጀመረው። "እትዬ ሜይ፣ ለእናንተው አዝኜ ነው። አንድ ጭልፋ ሩዝ ምን ትሆናለች?"

"አርባ ዓመት የበላሁት የት አለ? የቀረኝ የሰጠሁት ብቻ ነው። እሱንም ሊወስዱብኝ?"

አበምኔቱ ሳቁ። "እኛ ለማኞች ነን። መንገድ ላይ ቀድሞ ከቆመው እንቀበላለን" አሉ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9

ወንዛችን ኢራዋዲ ሞላ። ሰፈራችን ጉልበት ድረስ ውሃ ነው። አሁን ቢመጡስ በየት በኩል? ባለወፍጮው ደስ ይለው ይሆናል... ኧረ አይለውም!

እሁድ፣ ሐምሌ 10

የሠላሳ ቤት ሰው ድስታችንን ተሸክመን ወጣን። ላ ፒዩ ሳትቀር! መነኮሳቱ ሳይደርሱ ደረቁ መንገድ ላይ፣ ባለወፍጮው ደጅ ተሰለፍን።

በብር ሳህን ነጭ ሩዙን ይዞ ብቅ አለ። "ይሄ የኔ ደጅ ነው!"

"መንገዱ ግን የሁላችንም ነው" አለችው ላ ፒዩ።

አበምኔቱና አራት መነኮሳት ደርሰው የሳህናቸውን ክዳን ከፈቱ። ቀድሞ የገባው የኔ ስባሪ ሩዝ ነው። የሠላሳኛዋ ቤት ጭልፋ ሲጨመር አምስቱም ሳህኖች ጢም አሉ፤ ተከደኑ። መነኮሳቱ ሄዱ። ኡ ባ ቻይን ከነሩዙ ቆሞ ቀረ፤ የሚቀበለው አጣ።

"ነገ ማልደው ይምጡ" አልኩት።

እየሳቅን ወረድን። ክፉ ሳቅ ነበር? ትንሽ። ሆዴ ባዶ ነው፣ ግን ወፍጮውን ቢሰጡኝ ይቺን ጠዋት አልለውጣትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11

ኡ ባ ቻይን ማልዶ ወደ ሰልፋችን መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃው ላይ፣ ከላ ፒዩ ኋላ ቆመ። ልቅደም አላለም። ቢልም አላሳልፈውም ነበር።